ከበረዶ ሥር የሚከርም ቁልቋል፦ የጠየቅሁትና የተመለሰልኝ

መነሻ ጽሑፍ

የምኖረው በካናዳ፣ በአልበርታ ክፍለ ግዛት፣ በካልጋሪ ከተማ ነው። ጥያቄዬን ያቀረብሁት ባለፈው ዓመት በማርች ወር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው ሰብስቤ እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ክሩ፣ ማለትም የጥያቄውና የምላሹ ቅብብል፣ በጣም ስለረዘመና ዋናው ነገር በመካከል ስለተበተነ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ሳያነብ እንዳይቸገር በማሰብ ነው። ክረምት የሚለው ቃል በአገራችን የዝናቡን ጊዜ ስለሚያመለክት፣ ግር እንዳይል የበረዶ ወራት እያልሁ እጽፋለሁ።

የጠየቅሁት ይህን ነበር። በጁላይ ወር ከቤተሰቤ ጋር ወደ ሜዲስን ሃት ወርደን፣ ከሳውዝ ሳስካችዋን ወንዝ በላይ ባለው ገደላማ የሣር ምድር ላይ ስንሄድ ልጄ ጫማዬ ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል ብሎ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ፣ እንደ ድንች የወፈረ፣ ዙሪያውን እሾህ የለበሰ የቁልቋል ቁራጭ ነው። ዙሪያችንን ስናይ በሣሩ ሥር ምድሩ ሁሉ እሱ ነበር። በበረዶ ወራት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር ቁልቋል መሬት ለመሬት ተዘርግቶ ማየት ለእኔ ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። ወደ ቤት እንደተመለስን ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የዚሁ ዘመድ የሆነ አንድ ችግኝ ገዝቼ በጓሮዬ ተከልሁ። ጠፍጣፋውን ሥጋማ ግንድ ብዙዎቻችን ቅጠል እንለዋለን፤ ነገር ግን ግንድ እንጂ ቅጠል ስላልሆነ በዚህ ክር ውስጥ መዳፍ ስንለው ሰንብተናል፣ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

በኦክቶበር ወር መዳፎቹ ተሸበሸቡ፣ አረንጓዴነታቸው ወደ ሐምራዊ አደላ፣ ቀጥ ብለው ቆመው የነበሩትም በአፈሩ ላይ ተኙ። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠጣሁት። እንዲያም ሆኖ ሳይቃና ሲቀር፣ ብርዱ ሊገድለው ነው ብዬ ነቅዬ በማሰሮ አድርጌ ሳሎን ውስጥ ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥሁት። በፌብሩዋሪ ወር ሥሩ አካባቢ በጣቴ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ሟሟ፤ ሽታውም ቤቱን ሞላው። ስለዚህ የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነበር። የገደለው ምንድን ነው? በካልጋሪ ጓሮ ውስጥ፣ ያለ ምንም ሽፋን፣ በእርግጥ ሊከርም ይችላል ወይ? በሜዳ ያለውንስ አንድ ሁለት መዳፍ አንሥቼ ብተክል ያስወቅሰኛል ወይ? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ያን ያህል ጠብ ያስነሣል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ምላሽ 1

የመጀመሪያውን ምላሽ የሰጡኝ በዚያው በሜዲስን ሃት ብዙ ዓመት የኖሩ አባት ናቸው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው፣ የገደለው ብርዱ ሳይሆን የእኔ ርኅራኄ መሆኑን በለሰለሰ ቃል ነገሩኝ። ሽብሸባው ሕመም አይደለም፤ ተክሉ ለቁሩ የሚያደርገው ዝግጅት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ተክሉ በመዳፉ ውስጥ ያጠራቀመውን ውሃ ይቀንሳል፣ በሴሎቹ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽም በስኳር ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ቁሩ ሲበረታ ከሴሎቹ ውስጥ ውሃ እየወጣ በመካከላቸው ባለው ክፍት ቦታ በረዶ ይሆናል። በረዶው ከሴሉ ውጭ እስከሆነ ድረስ ተክሉ አይሞትም፤ የሚሞተው በረዶው ከሴሉ ውስጥ ሲሠራ ነው። እንግዲህ በኦክቶበር ውሃ የሚያጠጣ ሰው ተክሉ ደክሞ ያወጣውን መልሶ ይሞላበታል ማለት ነው። ቀጥሎም ሙቅ ክፍል ውስጥ፣ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት፣ በእርጥብ አፈር ሲቀመጥ ሻጋታው የቀረውን ይጨርሰዋል። ተኝቶ መሬት መያዙም ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ጨመሩ፦ የተኛ መዳፍ በረዶው ቶሎ ይሸፍነዋል፣ ከበረዶ ሥር ያለው ደግሞ ከነፋሱና ከአየሩ ቁር ይጠበቃል።

ይህን ምላሽ ሳነብ አዘንሁ። ስድስት ወር ሙሉ ልረዳው ያደረግሁት እያንዳንዱ ነገር ወደ ሞት የሚወስደው ነበር።

ምላሽ 2

ከሳስካቱን የጻፈች እህት በምላሽ 1 የተባለውን ሁሉ ተቀብላ፣ የራሷን የአተካከል ልምድ ዘረዘረች። በደቡብ በኩል ፀሐይ በሚመታው የቤቷ ግድግዳ ሥር ከመሬቱ ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ሠርታ፣ ከታች ጠጠር፣ ከላዩ የአሸዋና የአፈር ድብልቅ፣ ከሁሉም ላይ ደግሞ ስስ የጠጠር ንጣፍ አልብሳ፣ ሦስት ዓይነት ቁልቋል ለሰባት ዓመት አቆይታለች። ከኦገስት አጋማሽ በኋላ አንዲት ጠብታ ውሃ አትሰጥም፤ ማዳበሪያ ደግሞ ጨርሶ አትጨምርም፤ በማዳበሪያ የተነፋ መዳፍ ሳይደርቅ ቁሩ ይደርስበታልና። ሦስቱን ዓይነቶችም ለየች። ትንሿ፣ ቶሎ የምትሰበረውና ጫማ ላይ የምትጣበቀው ኦፑንሺያ ፍራጂሊስ ትባላለች። ሰፋፊ መዳፍ ያለውና በጁን ወር ቢጫ አበባ የሚያወጣው ኦፑንሺያ ፖሊያካንታ ነው። ሦስተኛው መዳፍ የሌለው፣ የመርፌ መሰኪያ ትራስ የሚመስለው፣ ደማቅ ሮዝ የሚያብበው ኤስኮባሪያ ቪቪፓራ ነው። እኔ የገደልሁት ሁለተኛው መሆኑ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው።

ምላሽ 3

ሦስተኛው ጸሐፊ ወደ ስሙ ጉዳይ ገባ፤ አነጋገሩ ትንሽ ጠንከር ያለ ነበር። ሁላችንም ቁልቋል እያልን የምንጽፈው ስሕተት ነው አለ። በአገራችን በገደሉና በአጥሩ ላይ እንደ መቅረዝ ቅርንጫፍ አበጅቶ የሚቆመው፣ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣውና ዓይን የሚያጠፋው ቁልቋል፣ ዩፎርቢያ ከሚባለው ወገን እንጂ ከካክተስ ወገን አይደለም። የካክተስ ወገን በተፈጥሮው ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሜሪካ አህጉራት ነው። በአገራችን በሰፊው የታወቀው እውነተኛ ካክተስ በትግራይና በራያ የሚበላው በለስ ሲሆን፣ እርሱም ከሜክሲኮ ምድር ተነሥቶ በባሕር ዞሮ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰልን ነው። መለያውንም አስቀመጠ፦ በካክተስ እያንዳንዱ የእሾህ ዘለላ የሚወጣው እንደ ጥጥ ከለሰለሰች ትንሽ ነጥብ ነው፤ በወተታሙ ቁልቋል ግን ይህች ነጥብ የለችም።

እውነቱን ነው። እኔ ግን ቁልቋል የሚለውን ቃል አልተውሁትም፤ ሕዝቡ ለሁለቱም ስለሚጠቀምበትና አንባቢ ወዲያው ስለሚገባው ነው።

ምላሽ 4 እና 5

እዚህ ላይ ክሩ ወደ በለስ ዞረ። አንዲት የራያ ተወላጅ በልጅነቷ በሐምሌና በነሐሴ የበሰለውን በለስ በማለዳ፣ ጤዛው እሾሁን እንዳራሰው፣ በረጅም እንጨት እየለቀሙ በሣር ላይ እያንከባለሉ ያጸዱት እንደነበር ጻፈች። በደረቁ ወራት ደግሞ መዳፉን በእሳት እየለበለቡ ለከብት ይሰጡ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሰው ያን በለስ ወደ ካናዳ አምጥቶ መትከል ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ መልሱንም ያው የራያዋ እህት ሰጠችው፦ በለስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሞት፣ በካልጋሪ የኖቬምበርን ወር እንኳ አይዘልቅም። ከዚያም ስለ ኮቺኒያል ነፍሳት በምሬት ጻፈች። ለቀይ ቀለም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትግራይ የገባው ይህ ነፍሳት ከታሰበለት ስፍራ ወጥቶ፣ የገበሬውን በለስ እንዴት እያደረቀ እንደሄደ ያየ ሰው፣ ተክልንም ሆነ ነፍሳትን ከቦታው አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ቀላል ነገር አድርጎ አያየውም አለች። ይህ አባባል ከርእሱ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ከሦስት ምላሽ በኋላ ግን ወደ መሐል ገባ።

ምላሽ 6

ከዊኒፔግ የጻፈች ሴት ምላሽ 2ን አረመች፤ ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ጠጠሩን ከታች አንጥፎ አፈሩን ከላይ መጫን ውሃን አያሳልፍም፤ እንዲያውም ያቆመዋል። ደቃቅ አፈር ከጠጠር በላይ ሲሆን ውሃው ወደ ጠጠሩ ከመውረዱ በፊት አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ረግረጉ ወደ ሥሩ ይቀርባል እንጂ አይርቅም። መደረግ ያለበት ጠጠሩንና ጥርሱ ሻካራ የሆነውን አሸዋ ከአፈሩ ጋር ከላይ እስከ ታች ማደባለቅ ነው፤ እርሷ ከሦስት እጅ ሁለቱን ጠጠርና አሸዋ ታደርጋለች። የዊኒፔግ አፈር እንደ ጭቃ የሚጣበቅ ሸክላ ስለሆነ፣ ይህን እስክታውቅ ድረስ በአራት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አንድ ተክል ጠፍቶባታል። ሁሉም የሞቱት በጃንዋሪ ቁር ሳይሆን በኤፕሪል ነው፤ ላዩ ሲቀልጥ ታቹ ገና እንደ ድንጋይ ሆኖ፣ የቀለጠው ውሃ መውረጃ አጥቶ ተክሉን ለሳምንታት በሚያስዋኝበት ጊዜ ነው። አንደኛውን የሞተ ተክል ነቅላ ስታየው መዳፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ብቻ ቡናማ ሆኖ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደደባት።

ይህን በምላሽ 1 ካሉት አባት አገር ጋር ማነጻጸር ይገባል። ሜዲስን ሃት በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ ከ350 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ አዲስ አበባ ከ1000 በላይ ታገኛለች። አሳሹ ጆን ፓሊሰር እ.ኤ.አ. ከ1857 እስከ 1860 ባደረገው ጉዞ ደረቅ ብሎ የለየው ሰፊ ሦስት ማዕዘን የሚያካትተው ይህንኑ አገር ነው። ቁልቋሉ የቁር ወዳጅ ሆኖ አይደለም በዚያ የበዛው፤ ቁሩን ስለሚችልና ከሁሉ በላይ ደረቅነቱ ስለሚስማማው ነው። እኛ በጓሯችን መሥራት ያለብን ሙቀትን ሳይሆን ድርቀትን ነው።

ምላሽ 7

የምላሽ 2 ባለቤት እርማቱን በደስታ ተቀብላ፣ የእርሷ ተክሎች የተረፉት በጠጠሩ ሳይሆን የቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ዝናቡንና የሚቀልጠውን በረዶ ስለከለከለላቸው ሊሆን እንደሚችል ጻፈች። በክፈፉ ጠርዝ፣ ውሃው በሚንጠባጠብበት መስመር ላይ የተከለቻቸው ሁለቱ በእርግጥ ሞተውባት ነበር፤ ምክንያቱን እስከዚያ ቀን አላወቀችም።

ምላሽ 8

አንድ ወንድም ባለፈው በጋ ከአንድ ሸለቆ ዳር ስድስት የኤስኮባሪያ ራሶች በአካፋ ነቅሎ፣ በመኪናው ወስዶ መትከሉን ጻፈ። አራቱ ሞቱ፣ ሁለቱ ቀሩ። ሜዳው ሁሉ በእርሱ የተሞላ ስለሆነ እኔም እንዲሁ ባደርግ ምንም እንደማይጎድል መከረኝ፤ ለችግኝ ጣቢያ ገንዘብ ማውጣትም ከንቱ ነው አለ። ሰውየው ክፉ ልብ እንደሌለው ከአጻጻፉ ይታያል።

ምላሽ 9

ቀጥሎ የመጣው ግን በብርቱ ቁጣ ነበር። ጸሐፊዋ በሳስካችዋን፣ በግራስላንድስ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በዕፅዋት ቆጠራ የሠራች ናት። በብሔራዊና በክፍለ ግዛት ፓርኮች ውስጥ አንዲት ተክል መንቀል በሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ በግል መሬትም ቢሆን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ስርቆት መሆኑን በቅድሚያ አስታወቀች። ከዚያም ስድስት ነቅሎ አራት የገደለ ሰው ለሌላው መምከር እንደማይገባው በግልጽ ጻፈች። የኤስኮባሪያ ራስ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ መጠን ላይ ለመድረስና ለማበብ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ በአካፋ ሲነቀል ደግሞ ዋናው ሥር ይቆረጣል። ሁሉም ሞልቷል በሚባልበት አገርም ቢሆን ሁኔታው አንድ አይደለም። በኦንታሪዮ፣ በፖይንት ፒሊና በፒሊ ደሴት የሚገኘው ሌላው የኦፑንሺያ ዓይነት በካናዳ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የዚያ አገር ሰዎችም አንድ ጊዜ ሞልቷል ይሉ ነበር ይሆናል አለች። የራያዋ እህት በምላሽ 5 ያለችውን ያልሰማ ሰው ይህንን ይስማ ብላ ደመደመች።

ምላሽ 10 እና 11

የምላሽ 8 ባለቤት ተቆጥቶ ተመለሰ። ከብት አርቢዎች በየዓመቱ በትራክተር የሚገለብጡትን ሺህ ተክል ማንም ሳይቆጥር፣ በስድስት ራስ እንደ ሌባ መቆጠሩ አስከፍቶታል። እንዲያውም ግጦሽ በበዛበትና ድርቅ በመታው ሜዳ ኦፑንሺያ ይበዛል እንጂ አይቀንስም ብሎ ተከራከረ። ይህ ስለ ኦፑንሺያ እውነት ነው፤ እርሱ የነቀለው ግን ኤስኮባሪያ ነበር፤ ይህንን ምላሽ 11 በሁለት መስመር አመለከተው። ሊታረስ ወይም መንገድ ሊሠራበት ከተወሰነ መሬት ላይ በባለቤቱ ፈቃድ ማንሣት ሌላ ጉዳይ መሆኑን፣ እርሱም የሚመሰገን መሆኑን እዚያው ጨመረ።

የእኔን አቋም ለመናገር ያህል፣ ሦስተኛውን ጥያቄዬን በመጠየቄ አልጸጸትም፤ መልሱን ግን ተቀብያለሁ። ከሜዳ አልነቅልም። ከዘር የሚያበቅሉ፣ በመዳፍ ቁራጭ የሚያራቡ ጣቢያዎችና ጎረቤቶች እያሉ፣ በሜዳ ላይ ዐሥር ዓመት ከቁር ጋር ታግሎ የኖረን ነገር በአካፋ ማንሣት በምንም ሚዛን ትክክል አይደለም።

ምላሽ 12

ክሩን ወደ ተግባሩ የመለሰው ከኤድመንተን የጻፈ መምህር ነው፤ ከሜዳ ሳይነቅሉ እንዴት እንደሚራባ አስረዳ። ጎረቤት የሰጠው አንድ መዳፍ በቂ ነው። መዳፉ ከመጋጠሚያው ላይ ይነቀላል፤ በጥላ ቦታ፣ በጋዜጣ ላይ፣ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በጠጠራማው መደብ ላይ ጋደም ተደርጎ ታችኛው ጠርዙ ብቻ ይቀበራል። ይህ መደረግ ያለበት በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው፤ ውርጩ ከመመለሱ በፊት ሥር ለመያዝ ጊዜ እንዲኖረው። ፍራጂሊስን በሚመለከት ይህንን ሥራ ተፈጥሮ ራሷ ትሠራለች፦ መዳፎቿ በቀላሉ ተሰብረው በእንስሳ ጠጉር ይጣበቃሉ፣ ወድቀው በደረሱበት ሥር ይሰዳሉ። ባይሰን የሚባለው የሜዳው ጎሽ በመንጋ በሚያልፍበት ዘመን ተሸካሚዋ እርሱ ነበር፤ ዛሬ ላሞች፣ ውሾችና የእኛ ጫማዎች ናቸው። ይህች ተክል በብዙ ስፍራ ከስንት አንዴ ካልሆነ አታብብም፤ መበታተኗ ይበቃታል።

ዘርን የሚመርጥ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የኦፑንሺያ ዘር ልብሱ እንደ ጠጠር የጠነከረ ስለሆነ፣ መምህሩ በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጎ በኖቬምበር በማሰሮ ይዘራና ማሰሮውን ከነበረዶው ውጭ ይተወዋል። አንዳንዱ በጸደይ ይበቅላል፣ አንዳንዱ በሁለተኛው ዓመት፤ ማሰሮውን ቶሎ መጣል ስሕተት ነው። የኤስኮባሪያ ዘር ይልቅ ቀላል ነው። ፍሬውም ይበላል፤ አረንጓዴና ለስላሳ ሆኖ ጣፋጭነቱ ወደ ኪዊ ይጠጋል፤ በሜዳው ላይ ፕሮንግሆርን የሚባለው ሚዳቋ መሰል እንስሳ ይበላውና ዘሩን ያዛምታል።

ምላሽ 13

ሌላ የካልጋሪ ነዋሪ ማንም ያላነሣውን አነሣ፤ ስለ ቺኑክ ነፋስ ነው። ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ይህ ሙቅ ነፋስ በጃንዋሪ መካከል በጥቂት ሰዓት ውስጥ አየሩን ከዜሮ በታች 20 ወደ ዜሮ በላይ ያወጣዋል፤ ልብስ ሆኖ የከረመውን በረዶ ያቀልጠውና በማግስቱ ቁሩ በባዶ ተክል ላይ ይመለሳል። ስለዚህ በካልጋሪ በበረዶ ልብስ መተማመን አይቻልም። ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ ፕላስቲክ ያለብሳል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ በፀሐይ ቀን ከሥሩ ላብ ያጠራቅማል፣ ያ ላብ ከቁሩ የባሰ ነው። እርሱ የሚያደርገው ተንሸራታች የጠጠር ክምር ሠርቶ ተክሉን በክምሩ ወገብ ላይ መትከል ብቻ ነው፤ የቀለጠው ውሃ ሳይቆም ይወርዳል።

ምላሽ 14

አንዲት እናት ልጇ መዳፉን በእጁ ጨብጦ ስላጋጠማቸው ጻፈች፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ያለው ሁሉ ይህን ሊያነብ ይገባል። ትልልቁ እሾህ ይታያል፣ ይነቀላልም። ችግሩ ከሥሩ በዘለላ ያሉት እንደ ጠጉር የቀጠኑ እሾሆች ናቸው፤ ጫፋቸው ወደ ኋላ የተመለሰ ጥርስ ስላለው ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄዱም። በመጀመሪያ እጁን በውሃ አሸችው፤ ይህ አባሰው። ከዚያ የማሸጊያ ፕላስተር እየለጠፈች እያነሣች ብዙዎቹን አወጣች፣ የቀሩትን በመብራት ሥር በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀመች። ልጁ ሦስት ቀን ጡጫ መጨበጥ አልቻለም።

ለዚህ መልስ የሰጠው የኤድመንተኑ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1805 አሜሪካውያኑ አሳሾች ሉዊስና ክላርክ በዛሬዋ ሞንታና ሚዙሪ ወንዝን ሽቅብ ሲወጡ የዚሁ ተክል እሾህ ጫማቸውን እየበሳ እንዳስመረራቸው፣ ክላርክ በአንድ ምሽት በእሳት ብርሃን 17 እሾህ ከእግሩ እንዳወጣ አስታወሰ። ሉዊስም በዚያው ጉዞ፣ አብቦ ሲያየው ከሜዳው ውበቶችና ከታላላቅ መከራዎቹ እንደ አንዱ ቆጥሮታል።

ምላሽ 15 እና 16

ስንት ሰሜን ድረስ ይበቅላል በሚለው ሁለት ሰዎች ተነካኩ። አንዱ ከካልጋሪ በላይ፣ ከ51ኛው የኬክሮስ ዲግሪ ወዲያ ካክተስ የለም ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። ሌላው ተቆጥቶ፣ ሳያውቁ መወሰን ልማድ ሆኗል ካለ በኋላ፣ ፍራጂሊስ በፒስ ወንዝ ሸለቆ፣ 56ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ ደቡብ በዞሩት ገደላማ የወንዙ ዳሮች ላይ እንደምትገኝ አረጋገጠ። ትክክሉ ይህ ሁለተኛው ነው፤ በዓለም ላይ ከካክተስ ወገን ወደ ሰሜን የዘለቀ ከእርሷ ሌላ የለም። ቁጣው ግን አያስፈልግም ነበር፤ እርሱም በማግስቱ ይቅርታ ጠይቋል።

ምላሽ 17

የምላሽ 8 ባለቤት ከአምስት ወር በኋላ በኦክቶበር ተመለሰ። የቀሩት ሁለቱ ራሶች ወደ አፈሩ መስመጥ መጀመራቸውን፣ ከላይ ሲታዩ የጠፉ እስኪመስሉ ድረስ መኮማተራቸውን ገልጦ፣ ውሃ ልስጣቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። የመለሰችለት ያችው በምላሽ 9 የተቆጣችው እህት ናት። እንዳይነካቸው፣ ኤስኮባሪያ በበረዶ ወራት እንዲህ ወደ መሬት እንደሚገባ፣ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን ቢጠብቅና ዘሩን ቢዘራ በጥቂት ዓመት የነቀለውን ያህል ሊያፈራ እንደሚችል በትዕግሥት ጻፈችለት። እርሱም አመስግኖ፣ ያን አካፋ ወደ ሜዳ እንደማይመልሰው ቃል ገባ።

የእኔ መመለሻ

ባለፈው ጁን ከምላሽ 13 ባለቤት ሁለት የፖሊያካንታ መዳፎች ተቀብዬ፣ ደርቀው እስኪሽሩ ድረስ ዐሥር ቀን በጋራዥ አቆይቼ፣ በጓሮዬ በደቡብ በኩል በሠራሁት የጠጠር ክምር ላይ ተከልኋቸው። ሁለት እጅ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ አፈር፣ ከላይ እስከ ታች የተደባለቀ። ከኦገስት 15 በኋላ ውሃ አልሰጠሁም። በኦክቶበር ተሸበሸቡ፣ ሐምራዊ ሆኑ፣ ተኙ። ባለቤቴ ሞቱ ብላ አዘነች፤ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ተውኋቸው። በበረዶው ወራት ሦስት ጊዜ ቺኑክ መጥቶ ራቁታቸውን አስቀራቸው፤ አንድ ሌሊትም ከዜሮ በታች 34 ደረሰ። ሁለት ሌሊት በመስኮት እያየሁ ብርድ ልብስ ላለብሳቸው ምን ያህል እንደተፈተንሁ አልደብቅም።

በኤፕሪል መጨረሻ አንደኛው ከግርጌው ጠቆረ፤ ክምሩ በዚያ በኩል ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ውሃ ያቁር ነበርና ስሕተቱ የእኔ ነው። ሁለተኛው በሜይ ሁለተኛ ሳምንት ሽብሸባው ቀስ በቀስ እየጠፋ ሄደ። በእርሳስ ጫፍ ስገፋው ጠንክሮ መለሰኝ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ከተኛበት ጠርዙን ከጠጠሩ ላይ ያነሣ ጀመር። በላይኛው ጠርዙ ላይ አሁን የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ቀይ ቀይ እብጠቶች ወጥተዋል፤ ልጄ በየማለዳው ወጥቶ ይቆጥራቸዋል፣ ትናንት አምስት ነበሩ። አበባ ይሁኑ ወይስ አዲስ መዳፍ ብዬ ጠየቅሁ።

ምላሽ 18

የሜዲስን ሃቱ አባት መለሱልኝ። ወፍሮ ድቡልቡል የሚለው አበባ ነው፣ ጠፍጣፋ የሚሆነው መዳፍ ነው፤ በሁለት ሳምንት ይለያል። አበባ ከሆነ በጁን መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ሲከፈት ልጄ በለሰለሰ የሣር ጭራ መሐሉን እንዲነካው አዘዙኝ፤ በዙሪያ ያሉት ቢጫ ክሮች ሁሉ ንብ የገባ መስሏቸው ወደ መሐል ይታጠፋሉ። እጁን ግን ከመዳፉ እንዲያርቅ፣ ወረንጦም ቤት እንዳይጠፋ።